ቁርስ በላሽ?

ያን ቀን ማለዳ ከቤት የወጣሁት የማገለግልበትን ቤተ ክርስቲያን ማሞቂያ ልከፍት ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረው ዝናብ መሬት ሲነካ በረዶ እየሆነ መንገዱን እንደ መስተዋት አድርጎታል። እግሬን እየጎተትኩ ፐርላ ቤት ጋ ስደርስ አንዲት አጭር ሴት ደረጃው ላይ ጎንበስ ብላ አየሁ። ከባልዲ ጨው በእፍኟ እየዘገነች ትነሰንሳለች። ከላይ ጀምራ ወደ ታች፣ አንድም ደረጃ ሳትዘል። ስትጨርስ የብረት መደገፊያውን በእጅጌዋ ጠረገችና በሩን ሳታንኳኳ ባልዲዋን ይዛ ሄደች።

ፐርላ ስልሳ ዓመት ያለፋት፣ ዳሌዋን ታማ የምታነክስ ሴት ናት። በዚያ በረዶ ብትወድቅ ዳግመኛ የምትነሳ አይመስለኝም።

ባለ ባልዲዋ በመንገድ መብራቱ ሥር ስታልፍ በለበሰችው ሰፊ አረንጓዴ ካፖርት ለየኋት። ሉዲቪና ካባሁግ ነበረች፤ ሰው ሁሉ ሉዲንግ የሚላት። ቆሜ ቀረሁ። ሉዲንግ ከፐርላ ጋር ቃል ከተለዋወጠች ሦስት ሳምንት እንዳለፋት የመንደራችን የሃርደን ኮቭ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ለምን እንደሆነም ያውቃል። ይቅር ብላታለች ማለት ነው ብዬ እዚያው በረዶው ላይ ቆሜ አምላኬን አመሰገንኩ። የቸኮልኩ መሆኔን ያወቅሁት ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው።

ሉዲንግ የተወለደችው ፊሊፒንስ ውስጥ ቦሆል በምትባል ደሴት፣ ጃግና በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። ባሏ ቴዎፊሎ ባጃጅ ነጂ ነበር፤ ኩላሊቱን ታሞ ሞተ። የቀረቻት አንዲት ልጅ ሪዛሊን ናት። ሉዲንግ ልጅቷን ለአክስቷ ሰጥታ ወደዚህ ስትመጣ ልጅቷ አሥራ ሰባት ዓመቷ፣ እናትየው አርባ ሦስት ዓመቷ ነበር።

ያመጣቻት ፐርላ ናት። ፐርላ የዚያው የጃግና ሰው ስትሆን ሎብስተር የሚባለው ባለ ጥፍር የባሕር እንስሳ በሚዘጋጅበት ፋብሪካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታ የፈረቃ አለቃ ሆናለች። ሰው ሲፈለግ የሉዲንግን ስም ለፋብሪካው የሰጠችው እሷ ናት። ሉዲንግ በጃንዋሪ ወር በሸራ ጫማና በስስ ሹራብ ከአውቶቡስ ስትወርድ ፐርላ ቆማ ትጠብቃት ነበር። አንድ ቃል ሳትናገር አረንጓዴ ካፖርቷን አውልቃ አለበሰቻትና ራሷ በሹራብ ቤት ድረስ ተንቀጥቅጣ ሄደች። ይህን ታሪክ ሉዲንግ ስንት ጊዜ እንዳወራችው እኔ አልቆጠርኩም። ስታወራው ሁልጊዜ የምትጨርሰው «አቴ ፐርላ ባትኖር የት ነበርኩ?» ብላ ነው። አቴ ማለት በእነሱ ቋንቋ እትዬ ማለት ነው። ሪዛሊን አድጋ ሜሮን ስትቀባ የክርስትና እናት የሆነችላትም ይህችው ፐርላ ናት፤ በስልክ።

ፋብሪካው ውስጥ የሚሠራው ሥራ ከባድ ነው። የተቀቀለው ሎብስተር በተንቀሳቃሹ መስመር ላይ ይመጣል፤ ሴቶቹ ጥፍሩን ይሰብራሉ፣ ሥጋውን ያወጣሉ፣ ያጥባሉ፣ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ይልካሉ። እንፋሎቱ ከላይ፣ ቀዝቃዛው ውኃ ከሥር ነው። የሉዲንግ ጣቶች በአራት ዓመት ውስጥ መገጣጠሚያቸው አብጦ ቀለበቷ አልወልቅ ብሏል። ማሽኑ ሲጮህ አጠገብ ያለችው ሴት ብትጮህም አትሰማም። ጸጉር በመረብ፣ አፍ በጭንብል፣ ጆሮ በቡሽ ይዘጋል። ከሰው ፊት የሚቀረው ዓይንና ቅንድብ ብቻ ነው።

ለፊሊፒኖዎቹ ይህ ችግር ሆኖባቸው አያውቅም። በአገራቸውም ቢሆን «አዎ» ለማለት አፋቸውን አያደክሙም፤ ቅንድባቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ በቃ። የመንደሩ ነባር ሰዎች ደግሞ በተራቸው «አዎ» የሚሉት ትንፋሻቸውን እህ ብለው ወደ ውስጥ እየሳቡ ነው፤ ልክ እንደ እኛ አገር ሰው። ፊሊፒኖዎቹ መጀመሪያ ሲሰሙት ሰውየው የደነገጠ እየመሰላቸው «ምን ሆነ?» ይሉ ነበር። ከጊዜ ብዛት እነሱ የትንፋሹን፣ እነዚያም የቅንድቡን ለመዱ።

ከሁሉ ይበልጥ በቅንድቡ የሚመካው የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ዴልበርት ማዘሮል ነው። «እኔ የእናንተን ቋንቋ አንድ ቃል አውቃለሁ፤ እሱም ቃል አይደለም» ይልና ቅንድቡን እስከ ቆቡ ድረስ ይሰቅለዋል። ሴቶቹ ይስቁለታል። ክፉ ሰው አይደለም። ሰው ሲታመም በራሱ መኪና ሆስፒታል የሚያደርስ፣ ለፋሲካ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የአሳማ ሥጋ የሚያድል ሰው ነው።

የሉዲንግ ተስፋ ሁሉ ያረፈው በዚህ ሰው ፊርማ ላይ ነበር። በዚህ ክፍለ ሀገር ባለው ፕሮግራም አሠሪው «ይህችን ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ እፈልጋታለሁ» ብሎ ይጽፍላታል፤ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት አይቶ ያጸድቃል፤ እሷም ያንን ይዛ ለቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ታመለክታለች። ከነልጆቿ። ልጅ የሚባለው ግን ሃያ ሁለት ዓመት ያልሞላው ነው። ማመልከቻው በሚገባበት ዕለት ሃያ ሁለት ከሞላው፣ በአንድ ቀን እንኳ ቢያልፍ፣ በመንግሥት ዓይን ልጅነቱ ያበቃል።

ሪዛሊን ሃያ ሁለት የምትሞላው ኖቬምበር አሥራ ዘጠኝ ነው። ሉዲንግ ይህን ቀን በፋብሪካው የልብስ ሣጥኗ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በወፍራም ቀለም ጽፋዋለች። ልብሷን በቀየረች ቁጥር ታየዋለች። ከሣጥኑ ጎን ለጎን ልብሳቸውን የሚቀይሩ ሁሉ ያዩታል፤ ፐርላም ታየዋለች።

ክፍለ ሀገሩ በዚያ ዓመት ለፋብሪካው የሰጠው ሁለት ቦታ ብቻ ነበር። አንደኛው ለማሽን ጠጋኙ ተሰጠ፤ እሱ ከሌለ ፋብሪካው አንድ ቀን አያድርም። ሁለተኛው በሥራ ዘመንም በተራም የሉዲንግ ነው። ይህን ዴልበርት ራሱ በኤፕሪል ስብሰባ ላይ በሰው ፊት ተናግሯል። ሉዲንግ የዚያን ዕለት ማታ ልጇ ጋ ደወለች።

«ኮት ግዢ» አለቻት።

«እማዬ፣ እዚህ ኮት የሚሸጠው ማነው?»

«ሰልባጅ ተራ ሂጂ። ወፍራም ይሁን። ቀለሙን አትምረጪ።»

በሳምንቱ ሪዛሊን ሰማያዊ የሱፍ ኮት ለብሳ እስከ አንገቷ ቆልፋ በስልኩ መስኮት ብቅ አለች። ጃግና ላይ ሙቀቱ ሠላሳ ሦስት ነበር። «እማዬ ቶሎ ጨርሺልኝ፣ ላቤ ጫማዬ ውስጥ ገባ» ስትል ሉዲንግ ከሳቋ ብዛት አልጋዋ ላይ ወደቀች።

ነገሩ የተበላሸው በሜይ ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ሉዲንግ ግን የዚያን ቀን ደስ ብሏት ነበር የዋለችው። የሎብስተሩ ወቅት ገና ተጀምሮ መስመሩ ጢም ብሎ ይሄዳል። ጥፍር ስትሰብር ፐርላ እያነከሰች መጣች። ከኋላዋ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ደጃፉ ላይ፣ ዴልበርት ቆሟል። ፐርላ የሉዲንግን አንድ ጆሮ ቡሽ በጣቷ ነቅላ አፏን አስጠግታ በአገራቸው ቋንቋ ጠየቀቻት፦

«ቁርስ በላሽ?»

ሉዲንግ ቅንድቧን ከፍ አደረገች። በልታለች።

«ደህና አርገሽ በላሽ? ጠገብሽ?»

አሁንም ቅንድቧን ከፍ አደረገች፤ በዚህኛው ላይ ዓይኗም ሳቀ። ከዚያ በፊት አቴ ፐርላ በሥራ ሰዓት መስመር አቋርጣ ቁርስ በላሽ ብላት አታውቅም። ፐርላ ቡሹን መልሳ ሰካችላትና ትከሻዋን መታ መታ አድርጋ ዞረች። ዴልበርት ደጃፉ ላይ እንደቆመ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ ሉዲንግ አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ ቅንድቡንም ሰቀለላት። እሷም መለሰችለት።

ማታ አብረዋት ለሚኖሩት ሴቶች አወራቻቸው። «ዛሬ አለቃችን ቁርስ በመብላቴ አመሰገነኝ።»

«እንዴት አድርጎ?»

«እንዲህ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ንግሥት የሆንኩ መሰለኝ።»

«ነገ ደግሞ ምሳ ብትበዪ ደሞዝ ይጨምርልሻል» አለቻት አንዷ። ተሳሳቁ። በጋውን ሁሉ ሉዲንግ ምግብ በቀረበ ቁጥር «ለዴልበርት ስል ልብላ» ስትል ኖረች።

በጋው ሲያልፍ ሉዲንግ የቋንቋ ፈተናዋን አለፈች። ሪዛሊን ፓስፖርት አወጣች፣ የፖሊስ ማስረጃ አወጣች፣ የጤና ምርመራ የት እንደሚደረግ ጠየቀች። በኦገስት ሉዲንግ ዴልበርትን ኮሪደር ላይ አገኘችው።

«ጌታዬ፣ ወረቀቴ አለ?»

ዴልበርት እህ ብሎ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ። አዎ ማለቱ ነው። ለእሱ አዎ ማለት በፌብሩዋሪ የአዲሱ ዓመት ቦታ ሲመጣ የመጀመሪያዋ ነሽ ማለት ነበር። ለእሷ አዎ ማለት አዎ ነው። አመስግናው ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እውነቱን የሰማችው ሰው ሊያመሰግናት በመጣ ጊዜ ነው። በኦክቶበር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሬናንቴ በሯን አንኳኳ። ሬናንቴ የፐርላ የእህት ልጅ ነው። ከመጣ ዓመት ያልሞላው፣ ሠላሳ ዓመት ገና ያልሆነው፣ ሰው ፊት ሲናገር ጆሮው የሚቀላ ልጅ። በእጁ በፎይል የተሸፈነ ትልቅ ሳህን ይዟል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለችው።

«ኑድል ነው። ከነሽሪምፑ። እኔ ነኝ የሠራሁት፤ ስለዚህ ጨው ቢበዛ አክስቴን እንዳትሰድቢያት።»

«ልደትህ ነው?»

«አይ። ለ... ላመሰግንሽ ነው። እስከ ዛሬ ሳላመሰግንሽ የቆየሁት አፍሬ ነው። እንዴት ብዬ እንደምናገር ጠፍቶኝ።»

«ለምኑ?»

«ተራሽን ስለለቀቅሽልኝ» አለ ሬናንቴ። ጆሮው ቀላ። «የሥራ ፈቃዴ በዲሴምበር ያልቃል። አንቺ እሺ ባትይ ወደ አገሬ መመለሴ ነበር። አክስቴ ነገረችኝ። ሲጠይቋት ወዲያው ነው እሺ ያለችው አለችኝ። አንዴም ሳታንገራግር።»

ሉዲንግ ሳህኑን ተቀበለች። ከሥሩ ይሞቃል። «መቼ ነው የጠየቁኝ?» አለች። ድምጿ ደህና ነበር፤ እሱም ምንም አልገባውም።

«በሜይ። ወቅቱ የተከፈተ ሰሞን። ዴልበርትም ነበር አሉ። በዓይኔ አይቻለሁ ብሏል።»

ከሄደ በኋላ ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። አንድ በአንድ አሰበችው። ቡሹ ከጆሮዋ ሲነቀል። የፐርላ ትንፋሽ። ደጃፉ ላይ የቆመው ሰውዬ። ደረቱ ላይ ያረፈው እጅ። በጋውን ሙሉ የሳቀችበት ቀልድ። ከዚያ ተነስታ ካፖርቱን ለበሰችና ወጣች።

ፐርላ የሕዝብ ልብስ ማጠቢያው ቤት ውስጥ አንሶላ ታጥፍ ነበር። ብቻዋን ነበረች። ሉዲንግን ስታይ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ዘረጋችላት፤ ሉዲንግም ሳታስበው ያዘችው። እንደ ሁልጊዜው ሁለቱ ሆነው ማጠፍ ጀመሩ።

«አቴ» አለች ሉዲንግ፣ «በሜይ ዴልበርት ምን ብለሽ ጠይቂያት ነው ያለሽ?»

ፐርላ አንሶላውን ማጠፍ አላቆመችም። «ሬናንቴ መጣ አይደል? ቆይ አትንገራት ብዬው ነበር።»

«ምን ብለሽ ጠየቅሽኝ?»

«ቁርስ በላሽ አልኩሽ።»

«ከዚያስ?»

«ጠገብሽ አልኩሽ። አልበላሽም ነበር?»

«በልቻለሁ።»

«እኔም የጠየቅሁሽ እሱን ነው። መለስሽልኝ። እኔ ዴልበርትን እሺ ብላለች አላልኩትም፤ አንድ ቃል አልወጣኝም። በዓይኑ ያየውን የተረጎመው እሱ ነው።»

ሉዲንግ የያዘችው የአንሶላ ጫፍ ከእጇ ወደቀ። «ሪዛሊንን ታውቂያታለሽ» አለች።

«አውቃታለሁ። የክርስትና ልጄ ናት። ትልቅ ሰው ናት፣ ሥራ አላት፣ ጤና አላት።» ፐርላ ያን ጊዜ ቀና አለች፤ ዓይኗ ርጥብ ነበር። «ሬናንቴ ግን ተባሮ ሲሄድ እህቴን ምን እላታለሁ? ቤቷን አስይዛ ነው የላከችው። አንቺ ገና አንድ ዓመት ተኩል ፈቃድ አለሽ። ተራሽ ለፌብሩዋሪ ይደርሳል። የምትጎዳው እኮ...»

አልጨረሰችውም። የምትጎዳው ማን እንደሆነች ሁለቱም ያውቃሉ።

«ብትጠይቂኝ ምን ነበር?» አለች ሉዲንግ። «እውነቱን ብትጠይቂኝ?»

«እምቢ ትይ ነበር» አለች ፐርላ።

ሉዲንግ እንደነገረችኝ ከሁሉ ይበልጥ ልቧን የቆረጣት ይህ መልስ ነው። እምቢ ትል ነበር። በሕይወቷ ለአቴ ፐርላ እምቢ ብላ አታውቅም፤ ለዚህ ግን ትል ነበር። ፐርላ ይህን ከእሷ ቀድማ አውቃ፣ እምቢታዋን ሳትሰማ የምታመልጥበትን መንገድ ፈለገች። ለዚያውም ከጥያቄ ሁሉ መርጣ እናት ልጇን የምትጠይቀውን።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አልተነጋገሩም። ሉዲንግ ወደ ሥራ ትገባለች፣ ጥፍር ትሰብራለች፣ ትወጣለች። ፐርላ በመስመሩ በኩል ስታልፍ ጭንብሏን እስከ ዓይኗ ትስባለች። ሴቶቹ ሉዲንግን አንድ ነገር ሲጠይቋት ቅንድቧን ማንሳት ተወች። ቡሿን ነቅላ፣ ጭንብሏን አውርዳ፣ «አዎ» ብላ በአፏ ትጮሃለች። «ምን ነካሽ፣ ዘመናዊ ሆንሽ?» አሏት። ለሪዛሊን አልነገረቻትም። ሪዛሊን በየሳምንቱ እሑድ «እማዬ ወረቀቱ ገባ?» ትላለች፤ ሉዲንግ «ጸልዪ» እያለች ታልፋለች። የሬናንቴን ሳህን አጥባ መለሰችለት። ለእሱም ምንም አላለችውም፤ ልጁ ምን አጠፋ?

ፋይሉ ሄዷል፣ አልቋል ብላ ነበር ዝም ያለችው። ኖቬምበር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ግን ሬናንቴ በምሳ ሰዓት እያፈረ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«የእንግሊዝኛ ፈተናውን እንደገና ወደቅሁ» አላት። «ያለ ፈተና ወረቀት ፋይሌ ከዴልበርት ጠረጴዛ አይነሳም አሉኝ። ቅዳሜ ሌላ ፈተና አለ። እስቲ አንቺ ያለፍሽበትን መጽሐፍ አውሺኝ።»

ሉዲንግ ሳንድዊቿን አስቀመጠች። «ፋይልህ አልሄደም?»

«አልሄደም።»

ምሳዋን ሳታነሳ በቀጥታ ወደ ዴልበርት ቢሮ ወጣች። የጸጉር መረቧንም አላወለቀችም። ዴልበርት ሁሉንም በጸጥታ ሰማት፤ በየመሃሉ እህ እያለ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል፤ እሷ ግን ከእንግዲህ ያንን አዎ ብላ አልቆጠረችውም።

«ሉዲንግ» አላት መጨረሻ ላይ፣ «እኔ ነኝ ያስጠየቅሁሽ። ቆሜ አይቻለሁ። ሁለቴ አዎ ብለሻል።»

«ቁርስ በላሽ ነው ያለችኝ።»

ዴልበርት ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ፐርላ በኋላ ልትጸጸቺ ትችያለሽ ብላኝ ነበር።»

«ጌታዬ፣ እኔ የተጸጸትኩት ቁርስ በመብላቴ ነው።»

ሊስቅ ብሎ ተወው። ወደ መስኮቱ ዞረ። «እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታልኛለች፤ አንድ ቀን ዋሽታኝ አታውቅም። አንቺም ዋሽተሽኝ አታውቂም። እኔ ቋንቋችሁን አላውቅም። አውቃለሁ ስል ነው የኖርኩት።» ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ሁለታችሁም እዚህ ኑ። ፐርላ ቁርስ ነበር የጠየቅኋት ብላ በአፏ ከነገረችኝ፣ የልጁን ፋይል አውጥቼ ያንቺን አስገባለሁ። አስቸኳይ ነው ካልኳቸው ክፍለ ሀገሩ ጋ በሳምንት ያጸደቁልኝ ጊዜ አለ። ሁልጊዜ ያደርጉታል አልልሽም። ካልነገረችኝ ግን የሰጠሁትን አልነጥቅም። ልጁም ሰው ነው።»

ሉዲንግ በጣቷ ቆጠረች። ሐሙስ ኖቬምበር ስድስት ነው። ከዚያ ለአሥራ ዘጠኝ አሥራ ሦስት ቀን ይቀራል።

እኔ ጨው ስትነሰንስ ያየኋት ረቡዕ ማለዳ ነው።

ማሞቂያውን ከፍቼ ሻማ ሳበራ ሉዲንግ ገባች። ባልዲዋን በሩ ሥር አስቀምጣ እጆቿን ማሞቂያው ላይ ዘረጋች። ጣቶቿ ጨውና ቅዝቃዜ በልቷቸው ቀልተዋል። ያን ጊዜ ነው ይህን ሁሉ የነገረችኝ፤ እኔ ምንም እንደማላውቅ ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምራ። ስትጨርስ «አይቼሻለሁ» አልኳት። «ደረጃውን። እግዚአብሔር ይስጥሽ። ይቅር ማለት እንዲህ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። ደስ የማይል ሳቅ ነበር።

«ማነው ይቅር ያለ?» አለች። «አንተ ደግሞ። ዛሬ ወድቃ ዳሌዋን ብትሰብር ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? ነገ በዘጠኝ ሰዓት ሆስፒታል ናት። ዴልበርት አበባ ይዞ ይሄዳል። መንደሩ ሁሉ ምስኪኗ ፐርላ ይላል። እኔም፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሾርባ ሠርቼ የማጎርሳት እኔ ነኝ። ከዚያ ኖቬምበር አሥራ ዘጠኝ ይመጣል። አይደረግም። ነገ በሁለት እግሯ ቆማ ነው የምፈልጋት።»

የካፖርቱን እጅጌ እስከ ጣቷ ጫፍ ሳበችው። በመጠን ሁለት ሰው ይይዛል።

«ይሄንንም አውልቄ ልመልስላት ብዬ ነበር» አለች። «ሌላ የለኝም።»

ማሞቂያው ቀስ እያለ መንኳኳት ጀመረ፤ ሲሞቅ እንዲያ ያደርገዋል። እውነቱን ትናገራለች ብዬ አምናለሁ ልላት ነበር፤ ፐርላ ጸሎት የማታስታጉል ሴት ናት፤ በዚያ ልብስ ማጠቢያ ቤት ዓይኗ ርጥብ ከነበረ ልቧ አልሞተም። ሉዲንግ ግን ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር።

«ትናንት ማታ ተለማመድኩ» አለች። «መስተዋት ፊት። በሜይ ምን ብለሽ ጠየቅሽኝ ልላት። አራት ቃል ናት። ግን ሳልጀምረው አቴ እላለሁ። ሳላስበው ነው፤ አፌ ላይ አድሯል። አቴ ካልኩ በኋላ ደግሞ የሚከተለው ሁሉ ልመና ይሆናል። ማጠቢያ ቤቱም ውስጥ እንደዚያ ሆነ፤ አቴ ብዬ ጀመርኩ፣ መጨረሻ ላይ እኔ አንሶላ ጥዬ ይቅርታ ብያት ወጣሁ። ታምናለህ? እኔ ነኝ ይቅርታ ያልኳት። ነገም ዴልበርት ፊት አቴ ብዬ እጀምራለሁ፤ እሷም እንደ ታናሽ እህቷ ታየኛለች፤ እኔም ቅንድቤን...»

እጇን ግንባሯ ላይ ጭና ቅንድቧን ወደ ታች ተጫነችው፤ ካልያዘችው የሚነሳባት ይመስል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ነገ ሥራ የለህም አይደል?»

«የለኝም።»

«በዘጠኝ ሰዓት ና። ከእኔ ጋር ግባ። ምንም እንድታስረዳልኝ አይደለም፤ ስለ ሪዛሊን እንድትናገር አይደለም፤ አታልቅስልኝ። ያቺን አራት ቃል ብቻ አንተ ጠይቅልኝ። ለእኔ አቴ ናት። ለአንተ ፐርላ ናት።»